በሃይድሮሊክስ ዲ ያለበት ልጅ ማስተርስ ይማራል?



ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ወንድምና እህቶች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። አንዱ "በቴርሞዳይናሚክስ ዲ አለብኝ" ይላል። ሌላዋ "በሲግናልስ ሲ ማይነስ መጣብኝ፣ ውጭ ማመልከቱን ልተወው?" ትላለች። ሦስተኛው ገና ሁለተኛ ዓመት ሳይጨርስ የማስተርስ ሐሳቡን ዘግቶ ቁጭ ብሏል፤ ሲያወራኝ መርዶ የሚነግረኝ ነው የሚመስለው። ለእያንዳንዱ በየመንገዱ ግማሽ ግማሽ መልስ ከምሰጥ አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የማላውቀውን አልጽፍም። እኔም ትራንስክሪፕቴ ላይ ዲ አለች፣ ያውም ማስተርስ ልማርበት በፈለግኩት ትምህርት ላይ።

የተማርኩት ሲቪል ነው። የሁለተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ሊጋመስ ሲል አባባን ስትሮክ መታው። ኮምቦልቻ ያለችው ሱቃችን በእሱ እጅ ብቻ የምትንቀሳቀስ ነበረች። እናቴ ሆስፒታል አዳሪ ሆነች፣ ታናናሾቼ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ታላቅ እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። አምስት ሳምንት ሱቅ ዋልኩ። ዲፓርትመንቱን አስፈቅጄ ስለነበር ሚድ ፈተናዎቹን ዘግይቼ ተፈተንኩ፤ ያመለጠኝ ሌክቸር ግን የሚደገም ነገር አይደለም። ውጤት ሲለጠፍ ሃይድሮሊክስ ዲ ሆኖ መጣ።

ማታ እህቴ ደወለች።

"ዲ ማለት ምንድን ነው? ወደቅህ?"

"አልወደቅኩም እታለም፣ ማለፊያ ናት።"

"ካለፍክ ታዲያ ድምፅህ ምን ሆነ?"

ምን ብዬ ላስረዳት? የኪስ ገንዘቤን የምትልክልኝ እሷ ናት። ተመርቄ ውጭ ሄጄ ማስተርስ እንደምማር ለአሠሪዋ ሳይቀር ነግራለች። ዲፓርትመንት ስንመርጥ ጀምሮ የውሃ ምህንድስና እንደምማር ስለፍፍ የኖርኩ ልጅ ነኝ፤ ቦርከና ክረምት በመጣ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ እያየሁ ነው ያደግኩት። የውሃ ምህንድስና በሩ ደግሞ ሃይድሮሊክስ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ ምክንያቱም ኢንጂነሪንግ እየተማርን ይህን ሒሳብ የማንሠራው ነገር ይገርመኛል። እያንዳንዱ ፊደል ነጥብ አለው፦ ኤ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2፣ ሲ ማይነስ 1.75፣ ዲ 1። ነጥቡን በክሬዲቱ ታባዛለህ፣ ሁሉንም ትደምራለህ፣ ለጠቅላላ ክሬዲት ታካፍላለህ። ሌላ ምስጢር የለውም።

እስከዚያ ሴሚስተር ድረስ 54 ክሬዲት ወስጄ ሲጂፒኤዬ 3.30 ነበር። በዚያ ሴሚስተር ባለ 3 ክሬዲት ስድስት ኮርስ ነበረን፤ በድምሩ 18 ክሬዲት። ሃይድሮሊክስ ዲ። የቀሩት አንድ ቢ፣ ሁለት ቢ ማይነስ፣ ሁለት ሲ ፕላስ። ሲጂፒኤዬ ከ3.30 ወደ 3.08 ወረደ። ዶርም ውስጥ ሁሉም "ዲዋ ጎዳችህ" አለ። ወረቀት አውጥቼ ሠራሁት። በዲዋ ቦታ ቢ ባገኝ ኖሮ 3.16 እሆን ነበር። ከወረደው 0.22 ውስጥ የዲዋ ድርሻ 0.08 ብቻ ነው። የቀረውን 0.14 የወሰዱት ማንም ስማቸውን ያላነሳቸው አምስቱ ኮርሶች ናቸው። ሲ ፕላስ ስለማታስፈራ ማንም አይቆጥራትም፤ ብዙ ሆና ስትመጣ ግን ከዲ በላይ ትበላለች።

ይህ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ 108 ክሬዲት ቀርቶኝ ነበር፤ በእነዚያ በአማካይ 3.40 አመጣሁና በ180 ክሬዲት፣ በ3.27 ተመረቅኩ። ዲዋ ቢ ብትሆን ኖሮ የምመረቀው በ3.30 ነበር። ልዩነቱ 0.03 ነው። ያ ሁሉ እንቅልፍ ያሳጣ ነገር ምረቃ ላይ ሲደርስ የቀረው ይህን ያህል ነው። ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለህ ወንድሜ፣ ይህን ስሌት በራስህ ቁጥር ሥራው። አምስተኛ ዓመት ላይ ያለሽ እህቴ ደግሞ ተቃራኒውንም እወቂ፤ 160 ክሬዲት ከተወሰደ በኋላ አንድ ዲ ብዙ እንደማያወርድ ሁሉ አንድ ኤም ብዙ አያነሳም።

0.03 የሚገድልበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ዩኒቨርሲቲዎች ከተመራቂዎቻቸው ረዳት መምህር ሲወስዱ በደረጃ ነው፤ ሁለት ቦታ ካለ አንደኛና ሁለተኛ ይገባሉ፣ ሦስተኛው በ0.01 ይቀራል። ግቢ ተቀጥሮ በዚያው ማስተርስ መማር ለሚፈልግ ልጅ እያንዳንዷ ነጥብ ዋጋ አላት። እኔ አራተኛ ነበርኩ። ዲዋ ባትኖር ሦስተኛ እሆን ነበር፤ የወጣው ቦታ ሁለት ነበር። እንግዲህ እሷን በዚህ አልከሳትም።

ሌሎቹ በሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በመነሻ መስመር ነው። መስመሩን አልፈሃል ወይስ አላለፍክም? የኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ከ100 ቢያንስ 80 ይላል፤ በ4 ነጥብ ስሌት ሲያስቀምጠው 2.64 ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ቢያንስ 75 ከመቶ ይጠይቃል፤ ዕድሜ ደግሞ ከ30 በታች። አሜሪካ ላይ የተለመደው መስመር 3.0 ነው፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ለምሳሌ በአማካይ ቢ ይላሉ። ብዙዎቹ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ለይተው ያያሉ፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ለወደቀ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እነዚህ መነሻዎች ናቸው፤ መስመሩን ማለፍ ተቀባይነት ማግኘት ማለት አይደለም። ነገር ግን በ3.2 የቆመ ልጅ "ዲ አለብኝ" ብሎ መስመሩን ያላለፈ ያህል ሲሸሽ ሳይ ያመኛል። የሚያስጨንቀው ሲጂፒኤው 3.04 ላይ ሆኖ አንዲቷ ዲ ወደ 2.98 የምታወርደው ልጅ ነው። ለእሱ ያቺ ዲ እውነተኛ ችግር ናት፤ የቀሩትን ሴሚስተሮች ያንን መስመር መልሶ ለመሻገር ማዋል አለበት።

ጀርመን የራሷ ቀመር አላት። ከ4 ላይ ያንተን ውጤት ትቀንሳለህ፣ ለሁለት ታካፍላለህ (ከፍተኛው 4 ሲቀነስ የመመረቂያው ዝቅተኛ 2 ማለት ነው)፣ በሦስት ታባዛለህ፣ አንድ ትጨምራለህ። የእኔ 3.27 ሲቀየር 2.1 ገደማ ይሆናል። እዚያ 1 ምርጥ፣ 4 ማለፊያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው። ዲዋ ባትኖር 2.04 እሆን ነበር። ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ የጀርመን ማስተርስ ፕሮግራሞች መጀመሪያ የሚቆጥሩት ክሬዲት ነው። በሒሳብ ስንት ክሬዲት፣ በፈሳሽ መካኒክስ ስንት ክሬዲት ወስደሃል ይላሉ። በዚያ ቆጠራ ላይ በዲ ያለፍከው ኮርስ በኤ ካለፍከው እኩል ይቆጠራል። እህቴ "ካለፍክ ታዲያ" ያለችኝ ነገር ጀርመን አገር ሕግ ሆኖ አገኘሁት።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንቀላቅላቸውን ሁለት ነገሮች ልለያቸው፦ መግባት እና የሚከፍልልህ ማግኘት። መግባት ብቻ ቢሆን በ3.0 ብዙ ቦታ ይገባል። ጀርመን ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አያስከፍሉም፤ ግን ለቪዛ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጥ የአንድ ዓመት መኖሪያ ይጠየቃል፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. መስከረም ጀምሮ 11,904 ዩሮ። አሜሪካ ከሆነ ደግሞ ክፍያው ራሱ አለ። ሌላው ተማሪ "ተበድሬ እማራለሁ" ይላል። ወለድ ያለበት ብድር ውስጥ አልገባም ያለ ሙስሊም ወጣት ግን ያ መንገድ ከመጀመሪያውም የለውም። የቀረው ስኮላርሺፕ ነው፣ ወይም ፕሮፌሰር ከምርምር ገንዘቡ የሚከፍለው ቦታ። ስኮላርሺፕ ላይ ደግሞ ከመስመሩ ያለፉት ሁሉ እርስ በርሳቸው ይወዳደራሉ። ስለዚህ የእኛ ልጆች ስለ ውጤት የበለጠ ቢጨነቁ አልፈርድም። ጭንቀቱ ግን ቦታውን ይያዝ፤ ውድድሩ ላይ ገምጋሚው ቁጥሩን አይቶ አይተውህም፣ ትራንስክሪፕትህን ገልጦ ያነባል።

ሲያነብ ነው ዲዋ ጉዳይ የምትሆነው። የሚያየው የትኛው ኮርስ እንደሆነ ነው። ያቺን በሲግናልስ ሲ ማይነስ ያገኘችውን እህት መጀመሪያ የጠየቅኳት ምን ልትማሪ ትፈልጊያለሽ ብዬ ነው። ፓወር ከሆነ ሲ ማይነሷን ማንም ብዙ አያያትም። ኮሙኒኬሽን ከሆነ ግን ሲግናልስ የቤቱ ምሰሶ ነው፤ በተመሳሳይ 3.4 የቆመ ሌላ አመልካች ሲግናልስ ላይ ቢ ፕላስ ካለው እሱን ያስቀድማሉ። ሲቪል ሆነህ ስትራክቸር ልትማር የፈለግክ ከሆነ በሰርቬዪንግ ያገኘኸው ሲ የአንተ ጉዳይ አይደለም፤ የስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ ዲ ግን ነው። በቁጥር ከታየ ሁሉም ዲ እኩል ነው። በሚያነበው ሰው ዓይን ግን እኩል አይደለም።

የእኔዋ በክፉው ቦታ ላይ ነበረች። ኮርሱን ደግሜ ልውሰድ ብዬ ሬጅስትራር ሄድኩ። በእኛ ግቢ ሕግ ሲጂፒኤው ከ2 በላይ የሆነ ተማሪ ዲን መድገም አይችልም። ይህ እንደየዩኒቨርሲቲው ስለሚለያይ የራሳችሁን የሴኔት ሕግ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ከጓደኛ የሰማችሁትን አትመኑ። መድገም ስላልተቻለ ሌላ መንገድ ተፈለገ። በሚቀጥለው ዓመት ከእኛ በታች ያለው ባች ሃይድሮሊክስ ሲማር መምህሩን አስፈቅጄ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፈተና የለኝም፣ አቴንዳንስ የለኝም፣ ደብተር ብቻ። በጀመዓው አንድ የሃይድሮሊክስ ጎበዝ ሲኒየር ነበረን፤ ከዒሻ በኋላ ላይብረሪ ስድስት ሰባት ልጆችን ሰብስቦ ያስጠናል። አላህ ይስጠው፣ ስለ ክፍት ቦይ ፍሰት እሱ በአንድ ሳምንት የገለጠልኝን ያህል መጽሐፉ አልገለጠልኝም።

ይህን ያደረግኩት ትራንስክሪፕቴ ላይ ምንም ስለሚጨምር አልነበረም። አልጨመረም። ከፊታችን ሃይድሮሎጂ፣ ኢሪጌሽን፣ ሃይድሮሊክ ስትራክቸር ተሰልፈው ስለነበር ነው፤ ሦስቱም ያንን ኮርስ ይዘህ እንደመጣህ ቆጥረው ነው የሚጀምሩት። የብዙ ልጆች ጉዳት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ዲ ያገኘው ተማሪ ያንን ትምህርት መጥላት ይጀምራል፣ ከእሱ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ይሸሻል፣ ምርጫ ሲመጣ ወደ ቀላሉ ያዘነብላል። ገምጋሚው ሲያነብ ዲዋን ያይና ቀጥሎ ሲፈልግ በዚያ መስመር ምንም አያገኝም። ያኔ ዲዋ ብቻዋን ምስክር ሆነች ማለት ነው። እኔ ሃይድሮሎጂ ቢ ፕላስ፣ ኢሪጌሽን ኤ ማይነስ፣ ሃይድሮሊክ ስትራክቸር ኤ ማይነስ አገኘሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን በከተማ የጎርፍ ማፋሰሻ ላይ ሠራሁ።

ሃይድሮሊክ ስትራክቸርን ያስተማረን ዲዋን የሰጠኝ መምህር ራሱ ነበር። አምስተኛ ዓመት ላይ የድጋፍ ደብዳቤ ስፈልግ ጓደኞቼ ኤ የሰጠኝ መምህር ጋ እንድሄድ መከሩኝ። እኔ ወደ እሱ ሄድኩ።

"መምህር፣ ሬኮመንዴሽን እንዲጽፉልኝ ነበር። በሃይድሮሊክስ ዲ ነው የሰጡኝ።"

ከኮምፒውተሩ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። "ያ ኋላ ተቀምጦ የሚማረው ልጅ አንተ አይደለህም?"

"ነኝ።"

"ዲ የሰጠሁት ሰው ደብዳቤ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያህ ነህ። ሲቪህንና የምታመለክትበትን ፕሮግራም ላክልኝ። እኔ ራሴ ነው የምጽፈው፣ አንተ ረቂቅ አታምጣ።"

ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላየሁትም። ግን እስቲ አስቡት፤ ኤ የሰጠ መምህር "ጎበዝ ተማሪ ነው" ብሎ ቢጽፍ ገምጋሚው እንዲህ ያለ ደብዳቤ በቀን ሃያ ያነባል። ዲ የሰጠው መምህር "ከዚያ በኋላ ያየሁት ይህን ነው" ብሎ ሲጽፍ ግን ዓይን ይቆማል። ለሁሉም ይሠራል አልልም፤ መምህሩ የሚያውቃችሁ መሆን አለበት። ደግሞም ከዲፓርትመንቱ አንድ ነገር ጠይቁ፤ ከባቹ ስንተኛ እንደሆናችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ። የእኛ አገር ኢንጂነሪንግ ውጤት ጠንካራ ነው፤ ውጭ ያለ ሰው 3.27 መካከለኛ ይመስለዋል። "ከ70 ተማሪ 4ኛ" የሚል ወረቀት ሲያይ ግን ቁጥሩን በሌላ ዓይን ያያል።

በማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ስለ ዲው ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለው ብዙ ያከራክራል። የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ከምትማሩበት ዘርፍ ውጭ የሆነ አንድ ሲ ወይም ዲ ከሆነ ዝም በሉ፣ ማንም ያላየውን በጣት አታሳዩ። በዘርፉ ውስጥ ከሆነ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። እኔ የጻፍኩት ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነበር፦ "በሁለተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር በአባቴ ሕመም ምክንያት አምስት ሳምንት ከትምህርት ርቄ ነበር፤ የሃይድሮሊክስ ውጤቴ የዚያ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በወሰድኳቸው ሦስት የውሃ ኮርሶች ኤ ማይነስ፣ ኤ ማይነስ እና ቢ ፕላስ አግኝቻለሁ።" በዚህ አበቃሁ። አንዳንድ ልጆች የሚያሳዩኝ ደብዳቤ ገጽ ተኩል ሙሉ ልመና ነው፤ መምህሩ እንዴት እንደጨከነ፣ ፈተናው እንዴት ከሌክቸሩ ውጭ እንደመጣ። እውነት ሊሆን ይችላል። ገምጋሚው ግን ከዚያ የሚያነሳው ነገር ይህ ሰው ነገ እኛንም እንዲህ ብሎ ይጽፈናል የሚለውን ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ቦታ አመለከትኩ፤ ሦስቱም አልተቀበሉኝም። ሁለቱ ምክንያት አልጻፉም። ሦስተኛው የሥራ ልምዴ ከሁለት ዓመት በታች መሆኑን ጻፈ። ስለ ዲዋ ማንም ትንፍሽ አላለም። ይህን የምነግራችሁ ብዙ ሰው የመጀመሪያዋ እምቢታ ስትመጣ ወዲያው "ዲዬ ናት" ብሎ ስለሚያቆም ነው። ለታዳጊ አገር ባለሙያዎች የሚሰጠው የጀርመኑ ዲኤኤዲ ስኮላርሺፕ፣ ኢፖስ የሚባለው፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሥራ ይጠይቃል፤ ዲግሪውም ከተያዘ ከስድስት ዓመት የበለጠ እንዳይሆን ይላል። እንዲህ ያለው መንገድ ውጤቱ ትንሽ ለተጎዳ ሰው ደግ ነው፤ ዛሬ የምትሠራው ሥራ ከሁለተኛ ዓመትህ ፊደል ጎን ይመዘናል። እኔም ከተማ ውሃ አገልግሎት ተቀጥሬ ሁለት ዓመት መስመር ስዘረጋና የጎርፍ ቱቦ ስከታተል ቆየሁ።

በሦስተኛው ዓመት ጀርመን አንድ ዩኒቨርሲቲ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ኮምቦልቻ ኔትወርኩ ስላላስተማመነኝ ደሴ የአክስቴ ልጅ ቢሮ ሄጄ ነው የቀረብኩት። ሁለት ፕሮፌሰሮች ነበሩ። አንደኛዋ ትራንስክሪፕቴን ከፊቷ ዘርግታ ነበር። "ሃይድሮሊክስ ዝቅ ብሏል፣ ሃይድሮሊክ ስትራክቸር ከፍ ብሏል። እንዴት ነው?" አለችኝ። ከላይ ያሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀችና ቀጠለች፤ "ከፍጥነቱ የተነሳ የፍሩድ ቁጥሩ ከ1 በላይ የሆነ ውሃ ከቱቦ ወጥቶ ቀርፋፋ ውሃ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል?"

ጥያቄው ከሃይድሮሊክስ ኮርስ የወጣ ነው። ጉድጓዱን አይታ፣ ተደፍኖ እንደሆነ በዱላ እየነካች ነበር። እኔም ከመጽሐፉ ይልቅ በእጄ ያለፈውን ነገርኳት፤ ከዳገቱ የሚወርደው የጎርፍ ቱቦ አፉ ላይ ውሃው እንዴት እንደሚፈጥን፣ ወንዙ ጋ ሲደርስ በድንገት ተነስቶ እንደሚፈላ፣ ያም ሃይድሮሊክ ጃምፕ የሚባለው መሆኑን፣ ማረጋጊያ ገንዳ ስላልተሠራለት ዳርቻውን በየክረምቱ እንዴት እየበላ እንደሄደ፣ እኛ ድንጋይ በሽቦ አስረን እንዴት ለመግታት እንደሞከርን። ሃያ ደቂቃ የተባለው ቃለ መጠይቅ ዐርባ ደቂቃ ሄደ፤ አብዛኛው ስለዚያች ቱቦ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የመቀበያ ደብዳቤው ከነስኮላርሺፑ መጣ፤ አልሐምዱሊላህ።

አገር ውስጥ ማስተርስ ለሚያስቡ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። እኔ ስመረቅ የመውጫ ፈተና አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለድኅረ ምረቃ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና አለ። ብዙዎች እነዚህን እንደ ተጨማሪ ሸክም ያዩዋቸዋል። ዲ ላለበት ልጅ ግን ሁለቱም ከትራንስክሪፕቱ ውጭ የሚቆጠሩ አዲስ ቁጥሮች ናቸው። የሁለተኛ ዓመት ሴሚስተር ተመልሶ አይመጣም፤ የመግቢያ ፈተና ግን ገና ያልተፈተንከው ነገር ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ለብዙ ልጆች ከዲ የባሰ እንቅፋት ሆኖ ያየሁት ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሁሉ የወጪ መጋራት ውል ፈርሟል። ስትመረቁ የሚሰጣችሁ ቴምፖራሪና የተማሪ ቅጂ ነው፤ ዋናውን ዲግሪና ዩኒቨርሲቲው በራሱ የሚልከውን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማግኘት የወጪ መጋራቱ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። ከደመወዝ በየወሩ እየተቆረጠ ከሆነ ዓመታት ይፈጃል። እኔ ስኮላርሺፕ ከማመልከቴ ስምንት ወር በፊት የቀረውን ቆጥሬ በአንድ ጊዜ ከፈልኩ፣ ደረሰኙን ይዤ ሬጅስትራር ሄድኩ፣ ከዚያም የፊርማና የማኅተም ወረፋው ብቻውን ሳምንታት ወሰደ። በ3.6 ተመርቆ፣ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ወረቀቱ ሳይደርስለት ቀኑ ያለፈበት ልጅ አውቃለሁ። ማመልከቻ የሚዘጋበትን ቀን ካወቃችሁ ከዚያ ወደ ኋላ ስድስት ወር ቁጠሩና ሬጅስትራር ጋ የምትሄዱበትን ቀን ዛሬውኑ ጻፉት። መቶኛው ገጽ ላይ ያለችውን ዲ ከማየታቸው በፊት ወረቀቱ ራሱ እጃቸው መግባት አለበት።